አንገት የሚያሳስትበት አገር

በደርግ ዘመን ከሆሳዕና ተነስቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው፣ ለትምህርት የተመደበ ወጣትም ይሁን ለሥራ ወደ ጅዳ የምትሻገር ሴት፣ ሻንጣውን ከመቆለፉ በፊት ጎፈር ሜዳ ወዳለው የዑመር ላንቃሞ ቤት ጎራ ማለቱ አይቀርም ነበር። ዑመር ባለሥልጣን አይደለም። ትምህርቱም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በአውራጃው የግብርና ጋራዥ ትራክተር የሚጠግን፣ እጁ ከግራሶ የማይለይ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ውጭ አገርም ያየው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግን በዚያች አንድ ጉዞ መንገደኛ ሊሳሳት የሚችለውን ሁሉ ተሳስቶ፣ በሰላም አገሩ ገብቶ፣ የደረሰበትንም እየሳቀ ለሰው ስላወራ፣ አገሬው ‹‹ከመሄድህ በፊት ዑመርን አነጋግር›› ማለት ለመደ።

የተወለደው ፎንቆ አጠገብ ነው። አባቱ በአህያ እህል እየጫነ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነበር። ልጁን ቁርኣን እንዲቀራ መድረሳ አስገባው፤ ዑመርም ጎበዝ ወጣው። ሱራውን በቃሉ ይዞ፣ ትርጉሙንም ሼሁ በሀዲይኛ እያስረዱት አደገ። በኋላ ግን ልቡን ሞተር ወሰደው። አንድ የገበያ ቀን እህል ሊጭን የመጣ ትሬንታ ኳትሮ ፎንቆ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም፣ ዑመር ከመኪናው ሥር ገብቶ ከሾፌሩ ጋር ዋለ፤ መኪናው ሲነሳ እሱም ረዳት ሆኖ አብሮ ተነሳ። ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት፣ ከሾፌርነት ወደ መካኒክነት ተሸጋግሮ፣ ዘይነባ የምትባል የጊምቢቹ ልጅ አግብቶ ሆሳዕና ከተመ።

የመሬት አዋጅ ታውጆ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ከሶሻሊስት አገሮች ትራክተር ይመጣ ጀመር። ትራክተሩ ሲመጣ የሚጠግነው ሰው ደግሞ መማር ነበረበት። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዑመርና ማቴዎስ የሚባል የሀደሮ ሰው ለስድስት ወር ሥልጠና ቡልጋሪያ እንዲሄዱ ታዘዙ። ማቴዎስ ከምባታ ነው፤ የግብርና ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚመራ ረጋ ያለ ሰው።

ወሬው ሲሰማ ከቡታጅራ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቀው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ጎረቤት ‹‹ፓስፖርትህን ኪስህ አትያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን አንገትህ ላይ እሰር›› አለው። ሙሉ ልብስ የሰፋለት ወልደኪዳን የሚባል ልብስ ሰፊ ደግሞ ልኩን እየለካ እንዲህ ሲል መከረው፦

‹‹ፈረንጅ ሲያናግርህ ባይገባህም እንዳይነቃብህ። ፈገግ ብለህ ራስህን ነቅንቅ። ‹እሺ› ያለን ሰው ማን ይጠላል?››

ዑመር ይህን ምክር ከሁሉም አብልጦ ወደደው።

ዘይነባ በበኩሏ ባሏ በሰው አገር እንዳይራብ ብላ ሳምንት ሙሉ ስትደክም ሰነበተች። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ፣ በትልቅ ጣሳም የተነጠረ ቅቤ ሻንጣው ውስጥ ከአዲሱ ሙሉ ልብስ ጎን አስቀመጠች። ‹‹ዘይነባ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?›› ቢላት፣ ‹‹እዚያ ቅቤ እንዳለ በምን አወቅህ?›› ብላ አፉን አስያዘችው። ነገሩ እውነት ነበር፤ አያውቅም። የሚያውቅ ሰውም አልጠየቀም።

ሶፊያ ደርሰው የእንግዳ ማረፊያ ክፍላቸው ውስጥ ሻንጣውን ሲከፍተው ጣሳው ክዳኑን ጥሏል። ቅቤው ሙሉ ልብሱን፣ ሸሚዙን፣ የውስጥ ልብሱን ሳይቀር አጥግቦታል። በአገሩ ቢሆን ሽታው የድግስ ሽታ ነበር። በዚያ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ግን ማቴዎስ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሊከፍት ሮጠ፤ ከውጭ የገባው ብርድ ደግሞ ሁለቱንም ወደ አልጋቸው መለሳቸው። በማግስቱ በተደረገላቸው አቀባበል ላይ ዑመር የተገኘው በመንገድ ልብሱና በስስ ሸራ ጫማው ነው። ያን ቀን የመጀመሪያው በረዶ ይጥል ነበር። እግሩ ሲደነዝዝ ‹‹ይሄ ሰማይ ምን ሆነ?›› እያለ ማቴዎስን በክርኑ ይጎስመዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በማቴዎስ ትከሻ አለፉ። ምግብ የሚያዘው ማቴዎስ፣ መንገድ የሚጠይቀው ማቴዎስ፣ የቦታውን ስም የሚያውቀውም ማቴዎስ ነበር። አስተርጓሚው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ ለዑመር ወሬው ሁሉ የሚደርሰው በማቴዎስ በኩል ነው። ዑመርም ‹‹ምን አስጨነቀኝ፣ ወንድሜ አለ›› ብሎ ከቡልጋሪያ ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ሳይለምድ ቆየ። የትራክተር ማሠልጠኛው ወዳለበት የገጠር ከተማ በባቡር ሲወስዷቸውም የከተማውን ስም አልጠየቀም፤ ማቴዎስ ያውቀው የለ?

ከዚያ ማቴዎስን ለእህል ምርምር ሥልጠና ሌላ ከተማ መደቡት። ጣቢያው ላይ ሲሰናበቱ ዑመር እናቱ ገበያ ላይ እንደጠፋችበት ልጅ ሆነ። ‹‹በየእሑዱ እንገናኛለን፤ ቅርብ ነው፣ ሦስተኛው ጣቢያ ነው›› አለው ማቴዎስ፣ የከተማውንም ስም ደጋግሞ አስጠናው። ዑመር ግን እሱ ራሱ የሚኖርበትን ከተማ ስም መጠየቅ አሁንም ትዝ አላለውም።

ትምህርቱ አልከበደውም። ሞተር በየትም አገር ሞተር ነው፤ አሠልጣኙ ጓድ ስቶያኖቭ በእጁ ሲያሳየው በእጁ ይመልሳል። የከበደው ምግብ ቤቱ ነበር። ወጥ የምትቀዳው ራድካ የምትባል ጉንጯ የቀላ፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን ለብቻው ሲሰለፍ ሳህኑ ላይ ያለውን ሥጋ አየና ልቡ ፈራ። እንዴት ይጠይቅ? ግራ ቀኝ አየና ኀፍረቱን ዋጥ አድርጎ እንደ አሳማ አንኮራፋ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ራድካም እየሳቀች ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

‹‹አይደለም ማለቷ ነው፤ አልሐምዱሊላህ›› አለ ዑመር። ቢስሚላህ ብሎ በላ። ጣፈጠውም።

በሌላ ቀን የመጣው ሥጋ በግ በግ ሸተተው። ደስ ብሎት ‹‹ባዕ?›› ብሎ ጠየቃት። ራድካ አሁንም ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ‹‹በግ አይደለም ካለች ምን ሊሆን ነው?›› ብሎ ሳህኑን በጣቱ ገፋ አደረገ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየችው። ያን ቀን በዳቦ ዋለ።

ደግሞ ሌላ መከራ ነበረበት። ራድካ ጭልፋዋን አንስታ ‹‹ልጨምርልህ?›› የሚል በሚመስል ድምፅ ስትጠይቀው፣ እሱ የወልደኪዳንን ምክር ይዞ ፈገግ ብሎ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። እሷም ጭልፋውን ትመልሰዋለች። ‹‹ይቺ ሴት ምን አደረግኳት?›› ይላል በልቡ። ‹‹ትጠይቀኛለች፣ እሺ እላታለሁ፣ ትከለክለኛለች።›› ለቀበቶው በምስማር አዲስ ቀዳዳ እስኪበሳለት ድረስ ከሳ።

አንድ እሑድ ጠዋት ማቴዎስን ሊጠይቅ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደ። ቲኬቱን በስም ገዛ፤ ያችን ስም በደንብ አጥንቷታል። ሁለት ባቡር ቆሟል፤ አንዱ አፍንጫው ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። ባርኔጣ ያደረገ የጣቢያ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ስላገኘ፣ ወደ አንደኛው ባቡር እያመለከተ የከተማውን ስም ጠራለት። ሰውየው ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ።

‹‹ይኸው ባቡሩ›› ብሎ ዑመር ተሳፈረ። ሰውየው ከኋላው አንድ ነገር ጮኾ ተናገረ። ዑመር ‹መልካም መንገድ› ያለው መስሎት በመስኮት እጁን አውለበለበለት።

አንድ ጣቢያ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ሦስተኛው ላይ ዑመር ተነስቶ ቢያይ ማቴዎስ የነገረው ትልቅ የእህል ጎተራ የለም። ‹‹ቀጣዩ ይሆናል›› ብሎ ተቀመጠ። ባቡሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሜዳው አለቀ፣ ተራራ ጀመረ። ቲኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ቲኬቱን ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ፣ ብዙ ነገርም ተናገረ። ዑመር ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጣጣሪው ተቆጣ። ዑመር አብልጦ ፈገግ አለ። በመጨረሻ ትልቅ ከተማ ሲደርሱ ክንዱን ይዞ አወረደውና የጣቢያውን ጥበቃ ለሚመራው የፖሊስ መኮንን አስረከበው።

መኮንኑ ጢሙ የሸበተ፣ ዓይኑ የዋህ የሆነ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠው፤ ትኩስ ሻይም አስመጣለት። ‹‹ፓስፖርት›› አለው። ይህ ቃል ገባው። ፓስፖርቱ ግን መኝታ ቤቱ፣ ሻንጣው ውስጥ ተቆልፏል። አንገቱ ላይ ያሰረውን ቁልፍ አውጥቶ አሳየው። መኮንኑ ቁልፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰለት። ከዚያ የግድግዳውን ካርታ እያሳየ ‹የት ነው የምትኖረው?› የሚል በሚመስል ጠየቀው። ዑመር ካርታው ፊት ቆሞ አፈጠጠ። የሚኖርበትን ከተማ ስም አያውቅም። በወረቀት አልያዘ፣ በቃሉ አልያዘ።

‹‹ትራክተር›› አለ ቀስ ብሎ።

መኮንኑ አሰበ። ‹‹ኩባ?›› አለው።

ዑመር ደንግጦ ‹‹አይ፣ አይደለሁም›› ለማለት ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። መኮንኑ ፊቱ በራ፤ ስልክ አነሳ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ፀጉሯ የተንጨፈረረ ኩባዊት ወጣት በደስታ እየሮጠች ገባች፤ የአገሯን ልጅ ያገኘች መስሏት በእስፓኒሽ ታወርደው ጀመር። ዑመር አፉን ከፍቶ ቀረ። ልጅቱም ለመኮንኑ አንድ ነገር ተናግራ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

አሁን ተስፋው ሁሉ ተሟጠጠ። ዘይነባ ታየችው፤ ጋራዡ፣ የፎንቆ ገበያ፣ የጎፈር ሜዳ ለምለም ሣር ታየው። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነውና የሚጠራው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን ደጋግሞ የሚለውን የቁርኣን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ በለሆሳስ መቅራት ያዘ። መኮንኑ ‹አላህ› የሚለውን ስም ሲሰማ ጣቱን ወደ ላይ አነሳና እንደገና ስልኩን ደወለ።

የመጣው ኒዛር የሚባል ሶርያዊ ነበር፤ በከተማው ሕክምና የሚማር መነጽር ያደረገ ወጣት። ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› አለው። ዑመር ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሰላምታውን መለሰ። የእሱ ዐረብኛ ግን የጸሎት እንጂ የወሬ አይደለም፤ ባቡር፣ ቲኬት፣ መኝታ ቤት የሚሉ ቃላት መድረሳ ውስጥ አልተማረም። ምን ይበል? የያዘውን ቢፈትሽ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ለጉዳዩ ገጠመችለት። ወደ ካርታው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ራሱ ደረት እያመለከተ፦

‹‹ኢህዲነስ-ሲራጠል ሙስተቂም›› አለ። ቀጥተኛውን መንገድ ምራን ማለቱ ነው።

ኒዛር የሚጸልይ መስሎት እስኪጨርስ ጠበቀው። ዑመር ደገመለት፤ አሁንም ካርታውን መታ መታ እያደረገ። ወጣቱ ገባው። መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ይስቅ ያልቅስ አልለየለትም። ‹‹ኣሚን›› አለና አቀፈው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃለለ። ‹‹አል-ሐበሻ? ቢላል!›› አለ ኒዛር፣ ከየት እንደመጣ ሲረዳ፤ ሐበሻውን የነቢዩን አዛን ባይ ማስታወሱ ነው። ‹‹ቢላል!›› አለ ዑመርም። ኒዛር ‹ትራክተር› የሚለውንና የጓድ ስቶያኖቭን ስም ለመኮንኑ አስተላለፈ፤ መኮንኑ በየአቅጣጫው እየደወለ ማሠልጠኛውን አገኘው። ሊሸኛቸው እስከ ባቡሩ በር መጥቶ ዑመርን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ኒዛር ትምህርቱን ትቶ አብሮት ተሳፈረ።

ባቡሩ ውስጥ ሁለቱ በእጅና በቅንጥብጣቢ ዐረብኛ ሲጫወቱ፣ ቲኬት ተቆጣጣሪ መጥቶ ለኒዛር ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ሄደ። ዑመር ‹ምን ከለከለን?› በሚል ፊት አየው። ኒዛር ሳቀ። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘና ‹‹ነዓም›› አለው፤ አዎ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀና ‹‹ላ›› አለው፤ አይደለም። ዑመር አላመነም፤ አስደገመው። የዚህ አገር ሰው አንገት ከዓለም አንገት ሁሉ የተገላቢጦሽ ኖሯል!

መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። የጣቢያው ሠራተኛ ‹ይሄ አይደለም› እያለው ነበር ለካ። ኩባዊቷን ያስመጣት ራሱ ነው። ራድካም ‹ልጨምርልህ?› ስትለው ‹አልፈልግም› ይላት ነበር። ከዚያ ሳቁ ድንገት ተቋረጠ። እንደ አሳማ ሲያንኮራፋላት ራድካ የወዘወዘችው ራስ ዓይኑ ላይ መጣበት። ‹አዎ› ነበር ያለችው።

‹‹ኺንዚር›› አለ ዑመር፤ አሳማን ማለቱ ነው። ጣቱን ወደ አፉ፣ ወደ ሆዱ አመለከተ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ኒዛር አልሳቀም። እጁን በዑመር ጉልበት ላይ አድርጎ ‹‹ፈላ ኢስመ ዐለይህ›› ሲል ቀራለት፤ ‹‹ኢንነላሀ ገፉሩን ረሒም።›› ዑመር ይህችን አንቀጽ ያውቃታል። ሼሁ በሀዲይኛ ሲያስረዷት ትዝ አለው፦ ፈልጎት ሳይሆን ተገድዶ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ አላህ መሓሪ፣ አዛኝ ነው። ሳያውቅ የበላውስ? ስንት ዓመት በቃሉ የያዛት አንቀጽ ለእሱ የተነገረች መስሎ የተሰማችው ያን ዕለት ነው። ማሠልጠኛው እስኪደርሱ ደጋግሞ ቀራት፤ ደረቱም እየቀለለው ሄደ።

ኒዛር ራድካን አግኝቶ ነገሩን አስረዳት። ሴትዮዋ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። እሷ ደግሞ ለካ ‹ይህ ሰው አሳማ ይወዳል፣ በግ አይነካም፣ ሆዱም ትንሽ ነው› ብላ፣ አሳማ በተሠራ ቀን ከሌላው ሁሉ ምርጡን እየለየች ታስቀምጥለት ኖሯል። ይህን ሲሰማ ዑመር መናደድ አልቻለም። ራድካ ወደ ጓዳ ገብታ ነጭ ባቄላ ወጥ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በሸክላ የረጋ ወተት ይዛ መጣች። ዑመር የረጋውን ወተት በማንኪያ ቀምሶ ቀና አለ።

‹‹ይሄማ እርጎ ነው! የእኛ እርጎ!›› አለ በአማርኛ፤ ማንም ባይገባውም።

ራድካ ጭልፋዋን አንስታ ‹ልጨምር?› አለችው። ዑመር አንገቱን በእጁ የሚይዘው እስኪመስል ተጠንቅቆ፣ ቀስ ብሎ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ምግብ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ።

በቀጣዩ እሑድ ማቴዎስ ራሱ መጣ። ሲሰማ ከሳቁ ብዛት አልጋው ላይ ወደቀ፤ ቆይቶ ግን ከፋው። ‹‹ለምን ሰው ልከህ አላስጠራኸኝም?››

‹‹በየትኛው ቋንቋ?›› አለው ዑመር።

‹‹እሱስ የእኔ ጥፋት ነው። ሁሉንም እኔ ስናገርልህ ምላስህን አሰርኩት።››

‹‹አንተ አይደለህም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ግን ካለመጠየቅ በግ ቀረብኝ›› አለ ዑመር፤ ሁለቱም እንደገና ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ የበረዶው ወራት መልካም ሆነለት። በቀን ጥቂት ጥቂት ቃል ከራድካና ከጓድ ስቶያኖቭ እየለመደ፣ ጸደይ ሲመጣ በራሱ አፍ ገበያ ይወጣ ጀመር። ስቶያኖቭ ውስጡ ሱፍ የሆነ ቦት ጫማ ሰጠው። ፓስፖርቱን ከሻንጣ አውጥቶ በኮቱ የውስጥ ኪስ፣ የማሠልጠኛውን ስም ደግሞ በጭንቅላቱ ያዘ። የቅቤ ሽታ ያልለቀቀውን ሙሉ ልብስ በምረቃው ቀን ለበሰው፤ ራድካ አሽታ ‹ጥሩ ነው› ስትል ራሷን ወዘወዘች።

ሆሳዕና ሲገባ የመጀመሪያውን ታሪክ የሰማችው ዘይነባ ናት። የቅቤውን ስትሰማ ‹‹ክዳኑን ያጠበቅከው አንተ ነህ›› ብላ ተከራከረች። የአሳማውን ስትሰማ ግን ‹‹ፎንቆ ሂድና ሼሁን አነጋግራቸው›› አለችው። ሄደ። ሼሁ አርጅተዋል፤ ግን ጆሯቸው ደህና ነው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ‹‹ያ የሶርያ ልጅ ያለህ ትክክል ነው። አላህ የተወልህን ጭነት አንተ መልሰህ አትሸከመው›› አሉት። ከዚያ ‹‹ደግሞ ለሚሄደው ሁሉ ንገር፤ ሌላው እንዳይሳሳት›› ብለው አከሉበት።

በዚህ ምክንያት ነው ቤቱ የመንገደኛ ማረፊያ የሆነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይደለም የሚያገኘው። ለወታደሩ ሌላ፣ ወደ ዐረብ አገር ለምትሄደው ሌላ። የአሳማውን ታሪክ የሚያወራው ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነበር፤ የባቡሩን ግን ጠይቀውትም ሳይጠይቁትም ያወራዋል።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ማቴዎስ ልጁን ጵርስቅላን ይዞ ከሀደሮ መጣ። ነርስ ናት፤ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተመድባለች። ሻንጣዋን ሁለት ሰው ተጋግዞ ነው ያስገባው። ዑመር ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ‹‹ክፈቺው›› አላት።

‹‹ጋሽ ዑመር፣ በስንት መከራ ነው የዘጋሁት!››

‹‹እዚያ ከሚከፈትብሽ እዚህ ይከፈት።››

ከፈተችው። በርበሬ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ሦስት ጥንድ ባለተረከዝ ጫማ፣ ከላይ የእናቷ ቅቤ። ዑመርና ማቴዎስ ተያዩ። ቅቤው ወጣ። ከጫማው ሁለቱ ጥንድ ወጣ፤ በቦታው ወፍራም ሹራብ ገባ። ‹‹በርበሬውን ያዢው፤ በርበሬ አይፈስም›› አለ ዑመር።

‹‹ፓስፖርትሽስ የት ነው?››

ጵርስቅላ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው።

‹‹እሱ ካንቺ አይለይ። የምታድሪበትን ቤት ስም ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ፣ በቃልሽ ያዢ። አብሮሽ የሚሄድ ቋንቋ የሚችል ሰው ካለ ደግሞ ውደጂው እንጂ አትደገፊበት። ያልገባሽን ‹አልገባኝም› በይ። ሰው ይስቅብሽ ይሆናል፤ ይሳቅ። እኔ የተሳቀብኝ ቀን ነው የጠገብኩት።››

ልጅቷ እያዳመጠች ቆየችና ‹‹ጋሽ ዑመር፣ ያን ጊዜ በጣም ፈርተው ነበር?›› አለችው።

‹‹ፈርቼ ነበር›› አለ ዑመር። ‹‹ካርታው ፊት ስቆም አገሬ የማልመለስ መስሎኝ ነበር። ግን ስሚኝ፤ ሻይ የሰጠኝ ሰው ስሜን አያውቅም። ትምህርቱን ጥሎ የሸኘኝ ልጅ አባቴን አያውቅም። ራድካ ደግሞ በስህተትም ቢሆን ምርጡን ነበር የምታስቀምጥልኝ። በየሄድሽበት ደግ ሰው አለ። አንቺ ብቻ ጠይቂ።››

‹‹ጀርመኖቹስ ራሳቸውን እንዴት ነው የሚነቀንቁት?››

‹‹እሱን እንጃ›› አለ ዑመር። ‹‹ደርሰሽ ንገሪኝ።››

በማግስቱ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ሸኟት። ማቴዎስ አለቀሰ፤ ዑመር አጽናናው፤ ከዚያም ሁለቱ ወደ ጎፈር ሜዳ ተመልሰው ዘይነባ ከቡላና ከቅቤ ያዘጋጀችውን አተካና በሉ። ከጵርስቅላ ሻንጣ የወጣው ቅቤ ነበር የገባበት። ዘይነባ እየጨመረችላቸው ‹‹አሁን ደግሞ ሂድ ቢሉህ ትሄዳለህ?›› ብላ ባሏን ጠየቀችው።

‹‹አንቺን ካስከተልኩ እሄዳለሁ።››

‹‹እኔን?›› አለች ዘይነባ። ‹‹እኔ የፎንቆ ገበያ ይበቃኛል። ደግሞ አብረን ብንጠፋ ማን ይፈልገናል?›› ብላ ጭልፋዋን ወደ ማቴዎስ ሳህን አዞረች።